የዕጣ ዋጋና የባለዕጣው ኪስ፦ የዳንኤል በርኑሊ ሕይወት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባዝል ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ወንበር ሲጓደል ተተኪው በመጨረሻ የሚለየው በዕጣ ነበር። መራጮቹ አመልካቾችን መርምረው ለመጨረሻው ዙር ጥቂቶችን ያስቀራሉ፤ ከእነዚያ መካከል ወንበሩን የሚይዘው ግን ዕጣ የወጣለት ነው። ሥርዐቱ የተዘረጋው በጥቂት ትልልቅ ቤተሰቦች እጅ በነበረችው ከተማ አድልዎንና የጥቅም ትስስርን ለመግታት ነው። ዳንኤል በርኑሊ በ1721 የአናቶሚና የዕፀዋት ጥናት ወንበር ለማግኘት አመልክቶ ዕጣው ሳይወጣለት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ለሎጂክ ወንበር ተወዳደረ፤ አሁንም ዕጣው ለሌላ ወጣ። አንድ ዕጣ ለያዘው ሰው ምን ያህል ያወጣል የሚለውን ጥያቄ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በአዲስ መልክ ያቀረበው ይኸው ሰው ነው። ሁለቱን ነገሮች በምክንያትና በውጤት ማሰር ማጋነን ይሆናል፤ ዕጣ ለእርሱ የቁማር ጠረጴዛ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ግን ያሳያሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳንኤል የተወለደው በ1700 በኔዘርላንድ፣ በግሮኒንገን ከተማ ነው። አባቱ ዮሐን በርኑሊ በዚያ የሒሳብ መምህር ነበር። ቤተሰቡ በእስፔን አገዛዝ ዘመን በፕሮቴስታንቶች ላይ የደረሰውን ስደት ሸሽቶ ከአንትወርፕ የወጣና በመጨረሻ ባዝል ላይ የሰፈረ የነጋዴ ወገን ነው። አጎቱ ያኮብ በርኑሊ በ1705 ሲሞት ዮሐን ወደ ባዝል ተመልሶ የወንድሙን ወንበር ያዘ። ያኮብ ሳይጨርሰው የተወው የይሆናልነት ሒሳብ መጽሐፍ ደግሞ በ1713 ለኅትመት የበቃው በዳንኤል የአጎት ልጅ በኒኮላውስ እጅ ነው። ይህ ኒኮላውስ ከሒሳብ ሊቅነቱ ሌላ የሕግ ሰው ነበር፤ በ1709 ያቀረበው የመመረቂያ ድርሰትም የይሆናልነት ስሌት በሕግ ጉዳዮች ላይ እንዴት እንደሚሠራበት የሚመረምር ነው። የሕግ ሰውነቱ ኋላ ከዳንኤል ጋር ባደረገው ክርክር ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

ዮሐን ልጁ ነጋዴ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ዳንኤልን በንግድ ቤት ለማስለመድ የተደረገው ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ሕክምና እንዲማር ተፈቀደለት። በባዝል፣ በሃይደልበርግና በሽትራስቡርግ ተምሮ በ1721 ስለ አተነፋፈስ በጻፈው ድርሰት የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ሒሳቡን የቀሰመው ግን በቤት ውስጥ፣ ከአባቱና በተለይም በዕድሜ ከሚበልጠው ወንድሙ ነው (የወንድሙም ስም ኒኮላውስ ነበር፤ በዚህ ቤት ስም ይደጋገማል)። ሁለቱ ዕጣዎች ሳይወጡለት ሲቀሩ በ1723 ወደ ቬኒስ ሄደ። በዚያ ብርቱ ሕመም ያዘው፤ ሆኖም በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያውን የሒሳብ መጽሐፉን አሳተመ። ከመጽሐፉ ክፍሎች አንዱ ፋሮ በተባለው የካርታ ቁማር ላይ የሚያተኩር ነው። በ1725 ደግሞ በባሕር ጉዞ ላይ ጊዜን በትክክል ስለሚለካ መሣሪያ ባቀረበው ጽሑፍ የፓሪስን የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት አገኘ። በሕይወቱ ዘመን ይህን ሽልማት ዐሥር ጊዜ ወስዷል።

በዚያው ዓመት አዲስ የተቋቋመው የፒተርስበርግ አካዳሚ ሁለቱን ወንድማማቾች ጠራ፤ አብረውም ሄዱ። ዓመት ሳይሞላቸው ወንድሙ ኒኮላውስ በንዳድ ሞተ። ዳንኤል በቅዝቃዜውና በብቸኝነቱ ተማርሮ ለመመለስ ቢያስብም በ1727 የአባቱ ተማሪ የነበረው ሌዮንሃርድ ኦይለር ወደዚያው መጣ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ስድስት ዓመታት በዳንኤል ሕይወት እጅግ ፍሬያማዎቹ ናቸው። ስለ ፈሳሾች እንቅስቃሴ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ አብዛኛው የተዘጋጀው በዚያ ነው፤ ስለ ንዝረት ያደረጋቸው ጥናቶችም እንዲሁ። ስለ ዕጣ ዋጋ የጻፈው አጭር ድርሰት በዚሁ ሥራ መካከል የተገኘ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ትምህርት ቀላልና ጽኑ ነበር። ፓስካልና ፌርማ በ1654 በደብዳቤ ከተከራከሩ፣ ሆይገንስም በ1657 ትንሿን መጽሐፉን ካሳተመ ጀምሮ የአንድ ዕድል ትክክለኛ ዋጋ የሚባለው እያንዳንዱ ክፍያ በመድረስ ዕድሉ ተባዝቶ፣ ውጤቶቹ ተደምረው የሚገኘው መጠን ነው። 20,000 ዱካት ወይም ባዶ የሚያስገኝና የሁለቱም ዕድል እኩል የሆነ ዕጣ ዋጋው 10,000 ዱካት ነው፤ ዕጣውን የያዘው ንጉሥም ይሁን ለማኝ።

ይህን ደንብ ያናጋው የአጎቱ ልጅ ኒኮላውስ ነው። በ1713 ለፈረንሳዊው የቁማር ሒሳብ ሊቅ ለፒየር ረሞን ደ ሞንሞር በላካቸው ጥያቄዎች ውስጥ አንድ እንግዳ ጨዋታ ነበር። ኋላ በተለመደው መልኩ ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ጴጥሮስ ዘውድ እስኪወጣ ድረስ ሳንቲም ይወረውራል። ዘውድ በመጀመሪያው ውርወራ ከወጣ ለጳውሎስ 1 ዱካት ይከፍለዋል፤ በሁለተኛው ከወጣ 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 8፤ እንዲህ እያለ ክፍያው በየውርወራው እጥፍ ይሆናል። ዕድሉ በየውርወራው በግማሽ ሲቀንስ ክፍያው እጥፍ ስለሚሆን እያንዳንዱ ውርወራ ለጠቅላላው ዋጋ ግማሽ ዱካት ያዋጣል። የውርወራው ቁጥር ወሰን ስለሌለው ድምሩም ወሰን የለውም። እንደ ደንቡ ከሆነ ጳውሎስ ወደዚህ ጨዋታ ለመግባት ያለውን ሁሉ ቢከፍል ተገቢ ነው። አእምሮው የተስተካከለ ሰው ግን ይህን ዕድል 20 ዱካት የሚሰጠው ቢያገኝ በደስታ ይሸጠዋል።

ዳንኤል የሰጠው መልስ ስሌቱን ከማረም ይልቅ የሚለካውን ነገር የሚለውጥ ነው። በድርሰቱ መግቢያ ላይ አንድ ድኻ ያቀርባል። ያ ድኻ 20,000 ዱካት ወይም ባዶ የሚወጣበት ዕጣ በአጋጣሚ እጁ ገብቷል። ዕጣውን በ9,000 ዱካት ቢሸጠው ተሳሳተ ሊባል ነውን? ዳንኤል አይባልም ይላል። አንድ ባለጸጋ ያንኑ ዕጣ በ9,000 ለመግዛት እንቢ ቢል ግን ተሳሳተ። ሻጩም ገዢውም ትክክል የሚሆኑት አንዱ ዕጣ ለሁለቱ ሁለት ዋጋ ስላለው ነው። ስለዚህ መመዘን ያለበት የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ገንዘቡ ለሚያገኘው ሰው የሚሰጠው ጠቀሜታ ነው። ይህም የሚወሰነው ሰውዬው አስቀድሞ ባለው ሀብት ነው።

ሀብት ሲል በሣጥን የተቀመጠ ወርቅ ብቻ ማለቱ አይደለም። ምንም የሌለው የሚባለው በረኃብ የሚሞት ሰው ብቻ ነው ይላል። ለማኝ እንኳ መለመኑን ለዘለዓለም እንዲተው 50 ዱካት ቢሰጡት አይስማማም፤ 100 ቢሆን ግን ይስማማ ይሆናል። እንግዲያውስ የለማኙ ሀብት 100 ዱካት ያህል ነው። የሰውን የመሥራት ዐቅም ከሀብቱ ጋር የሚደምረው ይህ ሐሳብ ከድርሰቱ ታዋቂ ቀመር ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ አስገራሚ ነው። ለደንቡ ልዩ ሁኔታ እንዳለውም አልሸሸገም፦ 2,000 ዱካት ያለውና ነጻነቱን ለመዋጀት ሌላ 2,000 የሚጎድለው እስረኛ፣ ከእርሱ ያነሰ ሀብት ካለው ነጻ ሰው ይልቅ ያን ተጨማሪ 2,000 አጥብቆ ይፈልገዋል።

ከዚያ በኋላ አንድ ግምት ይወስዳል። የጥቂት ጭማሪ ጠቀሜታ አስቀድሞ ካለው ሀብት ጋር በተቃራኒው ይመጣጠናል፤ ሀብቱ እጥፍ የሆነለት ሰው ከአንዲት ዱካት የሚያገኘው ጠቀሜታ ግማሽ ይሆናል። ከዚህ ሎጋሪዝም ይወጣል። ግምቱን ምሳሌዎች ይደግፉታል እንጂ ማረጋገጫ አልቀረበለትም፤ የድርሰቱ ደካማ ጎንም ይኸው ነው። ሆኖም ስሌቱን ይዞ ሲሄድ የጳውሎስ ዕድል ወሰን ያለው ዋጋ ያገኛል። ምንም ለሌለው ሰው 2 ዱካት፣ 10 ዱካት ላለው 3 ገደማ፣ 100 ላለው አራት ከሢሶ ገደማ፣ 1,000 ላለውም 6 ገደማ ነው። ሌላም ነገር ይከተላል፦ እያንዳንዳቸው 100 ዱካት ያላቸው ሁለት ሰዎች በእኩል ዕድል 50 ቢያሲዙ ጨዋታው ፍትሐዊ ቢባልም ሁለቱም ይጎዳሉ። የእያንዳንዱ ሁኔታ 87 ዱካት ገደማ በእጁ እንዳለ ያህል ይሆናል።

ይሁን እንጂ ድርሰቱ በቁማር ላይ አያበቃም። ባሕር ላይ ይወጣል፤ ፍሬ ነገሩም እዚያ ነው። የፒተርስበርጉ ነጋዴ ጋዩስ በአምስተርዳም የገዛው ዕቃ በሰላም ከደረሰ 10,000 ሩብል ያወጣለታል። በዚያ ወቅት ከሚጓዙት 100 መርከቦች 5 ይጠፋሉ፤ መድን ሰጪዎቹ ደግሞ 800 ሩብል አረቦን ይጠይቃሉ። በአሮጌው ደንብ የስጋቱ ዋጋ 500 ሩብል ብቻ ስለሆነ ጋዩስ መድን መግባት የለበትም። በዳንኤል ስሌት ግን ነጋዴው ከዚህ ዕቃ ሌላ ያለው ሀብት ከ5,043 ሩብል ካነሰ 800 ሩብሉን ቢከፍል ይሻለዋል። መድን ሰጪው በበኩሉ ይህን ውል በማስተዋል ለመግባት ቢያንስ 14,243 ሩብል ሊኖረው ይገባል። ንግዱ የሚቻለው የሁለቱ ሀብት ስለሚለያይ ነው፤ አንዱ ስጋቱን ለመሸጥ፣ ሌላው ለመግዛት ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። ሴምፕሮንዩስ የተባለው ሌላ ነጋዴ ደግሞ በቤቱ 4,000 ዱካት፣ በባሕር ማዶም 8,000 ዱካት የሚያወጣ ዕቃ አለው፤ ከዐሥር መርከብ አንዱ ይጠፋል። ሁሉን ዕቃ በአንድ መርከብ ቢጭን ተስፋው 6,751 ዱካት ያወጣል፤ ለሁለት መርከቦች ቢያካፍለው 7,033። ነጋዴዎች ዕቃቸውን በየመርከቡ ማከፋፈል የሚያውቁት ከጥንት ነው፤ ማከፋፈሉ የሚያስገኘውን ትርፍ በቁጥር የገለጸ ስሌት ግን አሁን ተገኘ።

ዳንኤል ድርሰቱን በ1731 ለአጎቱ ልጅ ላከ። የኒኮላውስ መልስ በማግሥቱ ዓመት ደረሰ፤ የጥበቡን ረቂቅነት አወድሶ ጥያቄው ግን አልተመለሰም የሚል ነበር። እንደ ኒኮላውስ አስተያየት የተጠየቀው እያንዳንዱ ሰው ከገንዘቡ የሚያገኘውን ጠቀሜታ ስለ መለካት አይደለም፤ ጳውሎስ በፍትሕ ለጴጥሮስ ምን ያህል ሊከፍል ይገባዋል የሚል ነው። ለዳኛ ድኻና ባለጸጋ እኩል ናቸውና የውሉ ዋጋ በኪሳቸው ሊለያይ አይችልም። ይህ ተቃውሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ለሕግ ሰው ዋጋ ማለት ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ መጠን ነው፤ ለዳንኤል ግን አንድ ሰው በራሱ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ እንዲመርጥ የሚረዳ መለኪያ ነው። በዚህ ላይ ኒኮላውስ አንድ አሮጌ ደብዳቤ ይፋ አደረገ። የጄኔቫው ሊቅ ጋብርኤል ክራመር በ1728 ለዚሁ ጥያቄ በጻፈለት መልስ በሎጋሪዝም ፈንታ የገንዘቡን ስኩዌር ሩት ተጠቅሞ ከዳንኤል ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። ዳንኤል ይህን በድርሰቱ መጨረሻ ላይ በግልጽ ጠቅሶ ለክራመር ተገቢውን ክብር ሰጠ።

ልጅ ለአጎት ልጅ ባሳየው በዚህ ጨዋነት አንጻር አባት በልጁ ላይ የፈጸመው ይዘገንናል። ዳንኤል የአናቶሚና የዕፀዋት ጥናት ወንበር በመጨረሻ ስለተሰጠው በ1733 ከታናሽ ወንድሙ ጋር ወደ ባዝል ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት የፓሪስ አካዳሚ ስለ ፕላኔቶች ምሕዋር ለቀረበ ጥያቄ ሽልማቱን ለአባትና ለልጅ አካፈለ። ዮሐን ከልጁ ጋር እኩል መቆጠሩን ሊታገሥ አልቻለም፤ ዳንኤልን ከቤቱ አስወጣው። በ1738 የታተመው የፈሳሾች መጽሐፍ የፊት ገጽ ላይ ዳንኤል ራሱን የዮሐን ልጅ ብሎ ጽፏል። አባትየው ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚያው ርእሰ ጉዳይ የራሱን መጽሐፍ አወጣ፤ ቀዳሚ ለመምሰልም ሥራው በ1732 የተጻፈ ነው የሚል ቀን አኖረበት። የዕጣው ድርሰትም የታተመው በዚያው በ1738፣ የ1730 እና የ1731 ሥራዎችን በያዘው በፒተርስበርግ አካዳሚ መጽሔት አምስተኛ ቅጽ ውስጥ ነው። ጥያቄው እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ ስም የሚጠራው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዳንኤል ከባዝል ብዙም አልራቀም። በ1743 የዕፀዋቱን ትምህርት በፊዚዮሎጂ ለወጠ፤ በ1750 የፊዚክስ ወንበር ያዘ፤ ትዳርም አልመሠረተም። ስጋትን ወደ መመዘን የተመለሰው በስድሳ ዓመቱ ነው። በዚህ ጊዜ ዕጣው ሕይወት ነበር።

ፈንጣጣ በዚያ ዘመን አውሮፓን የሚፈጅ በሽታ ነበር። መከላከያው ከታማሚ ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ መክተት ነው፤ የተከተበው ብዙውን ጊዜ ቀላል ሕመም ታምሞ ይድናል፤ አንዳንዱ ግን ከዚያው ይሞታል። ዳንኤል በሚያዝያ 1760 ለፓሪስ አካዳሚ ያቀረበው ጥናት በሃሊ የብሬስላው ከተማ የሞት ሰንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ በሽታው ያልያዛቸውን ሰዎች በየዓመቱ ከስምንት አንዱን እንደሚይዝ፣ ከተያዙትም ከስምንት አንዱን እንደሚገድል ይገምታል። በዚህ ስሌት የተወለደ ሕፃን አማካይ ዕድሜ 26 ዓመት ከ7 ወር ነው፤ ፈንጣጣ ባይኖር ግን 29 ዓመት ከ9 ወር ይሆናል። ትርፉ 3 ዓመት ከ2 ወር ነው። ከ200 ተከታቢ አንዱ ይሞታል ቢባል እንኳ ከዚህ ትርፍ የሚጎድለው ሁለት ወር አይሞላም። ስለዚህ ክትባቱን ማስፋፋት ለመንግሥታትም ለወላጆችም የሚበጅ ነው ሲል ደመደመ። በሽታ በሕዝብ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ በሒሳብ ሞዴል በማሳየት ይህ ጥናት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዣን ለ ሮን ዳላምቤር በአካዳሚው ፊት ተነሥቶ ተቃወመ። ዳላምቤር የክትባት ጠላት አልነበረም፤ የተቃወመው ስሌቱን ነው። ከስምንት አንድ የሚለው ግምት ለሁሉም ዕድሜ እኩል መሆኑን ተጠራጠረ። ከዚህ የከበደው ክርክሩ ግን ስለ አማካዩ ነው። የክትባቱ አደጋ የሚደርሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ የሚተረፉት ዓመታት ደግሞ በሩቅ፣ በዕድሜ ማምሻ ላይ የሚገኙ ናቸው። የሠላሳ ዓመት ሰው ዛሬ ሊሞት የሚችልበትን ዕድል ከሩቅ ዓመታት ጋር በአንድ ሚዛን እንዲያስቀምጥ የሚያስገድደው ሕግ የለም። በዳንኤል ቁጥሮች ቢሰላ ክትባቱ ከዐሥር ሰው አንዱን ቢገድል እንኳ አማካዩ ዕድሜ በጥቂቱ እንደ በለጠ ይቀራል፤ በዚህ ዋጋ ልጁን የሚያስከትብ ወላጅ ግን አይገኝም።

ዳንኤል ተቆጣ። ጥናቱ በ1766 ሲታተም በጨመረበት መግቢያ ተቺዎቹ ስለሚተቹት ነገር አስቀድመው ቢማሩ ይሻል ነበር በሚል መንፈስ ጻፈ። ሆኖም ዳላምቤር የያዘው ክርክር ዳንኤል ራሱ በ1738 ያቀረበው ነው። የድኻውን ዕጣ ከባለጸጋው ዕጣ የለየው ሰው በስድሳ ዓመቱ ሕፃናትን ሁሉ በአንድ አማካይ አሰለፋቸው፤ ሎጋሪዝሙም ሆነ ባለዕጣው የሉም። ምናልባት ተቃርኖው የሚፈታው በራሱ የመድን ምሳሌ ነው። ኪሱ ሰፊ የሆነ መድን ሰጪ በአማካዩ ቢመራ አይጎዳም፤ ብዙ መርከቦች አሉትና አንዱ ቢሰጥም በሌሎቹ ይካሳል። ብዙ ሕፃናት ያሉት መንግሥትም እንዲሁ ነው። ወላጅ ግን እንደ ጋዩስ መርከቡ አንድ ናት። ጥናቱ ለመንግሥት የሚሆነውን መልስ ለወላጅም እንዲሆን አድርጎ አቀረበ፤ ዳላምቤርም ልዩነቱን ጠቆመ።

ዳንኤል በአማካይ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ግን አልጠፋም። እስከ 1776 ፊዚክስ ሲያስተምር ቆይቶ በ1778 በፒተርስበርግ በታተመ ጽሑፉ የሰማይ ተመልካቾችን ልማድ ተቸ። እርስ በርስ የማይስማሙ ምልከታዎችን ሁሉ እኩል ክብደት ሰጥቶ ደምሮ ማካፈል ልክ አይደለም፤ ከሌሎቹ የራቀ ምልከታ የመሳሳት ዕድሉ ይበልጣልና የተገኙትን ምልከታዎች በአንድነት ይበልጥ ሊሆኑ የሚችሉ የሚያደርገው ዋጋ ይፈለግ አለ። የዛሬ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ይህን መንገድ በሌላ ስም ይማሩታል። ዳንኤል በርኑሊ መጋቢት 17 ቀን 1782 በባዝል ሞተ።

የዕጣው ድርሰት ከእርሱ በኋላ ረጅም ጊዜ የሒሳብ ሊቃውንት ንብረት ሆኖ ቆየ። ላፕላስ በ1812 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ሐሳቡን ተቀብሎ አስፋፋው። የጀርመንኛ ትርጉሙ በ1896 ወጣ። ፎን ኖይማንና ሞርገንሽተርን በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በ1947ቱም ሁለተኛ እትም ባስገቡት ማረጋገጫ፣ የሚጠበቅ ጠቀሜታ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አንዱ ምሰሶ ሆነ። ሞሪስ አሌ በ1953 ሰዎች በዚህ ደንብ እንደማይመርጡ የሚያሳዩ ምሳሌዎቹን አቀረበ። የዳንኤል ጽሑፍ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በኢኮኖሜትሪካ መጽሔት የታተመው ከዚያ በኋላ፣ በ1954 ነው።